ማኅተሙን ተረከብ፣ ሥልጠናው ይደርሳል

እንዲህ እንበል። ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጅማ ተማረ፣ ኢንተርንሺፑን ጨረሰ፣ የፈቃድ ፈተናውን አለፈ፣ ሥራ ፍለጋ ወራት ተንከራተተ፣ በመጨረሻ ካፋ ዞን ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተቀጠረ። ሻንጣውን ይዞ ቦንጋ መናኸሪያ ወረደ፤ ከዚያ ሌላ መኪና ይዞ ወደ ወረዳው ገባ። ቤት እስኪያገኝ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጡት። ሰባት ወር ሠራ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ስፔሻሊቲ ደርሶት ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ዓርብ ጠዋት ለልጁ ደብዳቤ ወጣለት፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከመደበኛ ሥራዎ በተደራቢነት በሜዲካል ዳይሬክተርነት እንዲያገለግሉ የተመደቡ መሆኑን እንገልጻለን።» ከደብዳቤው ጋር ማኅተም፣ የቁልፍ ክምርና ሠራተኞች የፈረሙበት የዲውቲ ክፍያ ጥያቄ ተሰጠው። ክፍያው የሦስት ወር ውዝፍ ነው።

ይህ ልጅ የፈጠራ ሰው ነው። ነገር ግን በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንች ሸኮ ወይም በዳውሮ የሠራ ብዙ ሐኪም ይህን አንቀጽ የሚያነበው የሚያውቀውን ሰው ስም እየተካ ነው።

ሥልጠናስ? ሥልጠና አለ እንጂ! ከስምንትና ከዘጠኝ ወር በኋላ ደብዳቤ ይመጣል። ቢሾፍቱ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ፣ አምስት ቀን፣ አበልና ትራንስፖርት በአዘጋጁ። ስለ ራእይ፣ ስለ ተልእኮ፣ ስለ እሴት ይወራል። በቡድን ተከፋፍለው ፍሊፕ ቻርት ላይ ዛፍ ይሥላሉ፤ ሥሩ ችግሩ ነው፣ ቅርንጫፉ ውጤቱ ነው። የሻይ ሰዓት አለ። በአምስተኛው ቀን ሰርተፊኬት፣ የቡድን ፎቶ፣ ከዚያም «ያገኛችሁትን እውቀት መሬት ላይ አውርዱት» የሚል መዝጊያ ንግግር። ልጁ በሌለበት አምስት ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሐኪሞች የእሱን ተረኛነት ተካፍለው ያድራሉ። ሲመለስ ውዝፉ የሦስት ወር መሆኑ ቀርቶ አሥራ አንድ ወር ሆኗል።

የሀገሪቱ የጤና ሥርዓት በወረቀት ላይ ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጤና ኬላ ከ3 እስከ 5 ሺህ ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15 እስከ 25 ሺህ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 እስከ 100 ሺህ፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታቀደው። እነዚህን ቁጥሮች ከልጁ ዕድሜ አጠገብ አስቀምጧቸው። መቶ ሺህ ሰው የሚያህል ሕዝብ በሃያ ስድስት ዓመት ሰው ትከሻ ላይ ነው ማለት ነው። በግል ድርጅት ቢሆን ለዚህ ኃላፊነት የአሥር ዓመት ልምድ ይጠየቅ ነበር። እዚህ የሚጠየቀው ቀድሞ የነበረው ሰው መሄዱ ብቻ ነው።

«መሪነት በሥራ ላይ ይለመዳል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይለመዳል። ጥያቄው በማን ላይ ይለመዳል የሚለው ነው።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ከዴቻ ራቅ ካለ ቀበሌ አንዲት እናት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታሉ መጥታለች። ቤት ወልዳ ደሟ አልቆመም። ልጁ ሕክምናውን ያውቃል። መርፌውን ያውቃል፣ ማሕፀኑን ማሸቱን ያውቃል፣ የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ቀርቶ እንደሆነ ማየቱን ያውቃል፤ ይህን በእንቅልፍ ልቡም ቢጠየቅ ይመልሳል። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ደም የለም። ወደ ቦንጋ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ካልሆነም ወደ ጅማ መላክ አለባት። አምቡላንሱ ብዙ ቦታ እንደሚደረገው የሆስፒታሉ አይደለም፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። አንዱ አምቡላንስ ጎማ ይጠብቃል። ሌላው አለ፣ ናፍጣ ግን የለውም። ማደያው ወረዳው ያለበትን ዕዳ ሳይከፍል በዱቤ አልቀዳም ብሏል። ጥቃቅን ወጪ የሚከፈልበት ገንዘብ ካዝና ውስጥ ነው፤ የካዝናው ቁልፍ ገንዘብ ያዧ ቤት ነው፤ ገንዘብ ያዧ ለለቅሶ ወጥታለች።

አዋላጇ ሃያ ዓመት የሠሩ ናቸው። «ዶክተርዬ፣ ለአስተዳዳሪው ደውልላቸው» ይሉታል። እሱ የወረዳውን አስተዳዳሪ ስልክ አያውቅም። ቢያውቅም በስምንት ሰዓት ሌሊት የአንድን ባለሥልጣን ስልክ መደወል የሚችል ሰው መሆኑን ማንም ነግሮት አያውቅም። «ሲስተር፣ እርስዎ ጋር ቁጥራቸው አለ?» ይላል።

ሕክምናውን ሰባት ዓመት ተምሮታል። ናፍጣውን አንድ ሰዓት እንኳ አልተማረውም። ሴትዮዋ ብትሞት ቅጹ ላይ የሚሞላው «ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ» የሚል ነው። «ናፍጣ» የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የሕክምና ተማሪ ሁሉ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባለውን በቃሉ ያውቃል፦ ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ ሕክምና ቦታ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ፈተና ላይ ይመጣል፣ ይመልሰዋል፣ ማርክ ያገኛል። ሦስቱም ግን የአመራር ጉዳዮች ናቸው። አንዱም በስቴቶስኮፕ አይፈታም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 871፣ በ2016 ደግሞ 412 ነበሩ። ይህን ቅነሳ ያመጣው የተአምር መድኃኒት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን፣ ለየወረዳው የተከፋፈለው አምቡላንስ፣ በየመንደሩ የተደረገው ቅስቀሳ ነው፤ ባጭሩ ሰውንና ዕቃን በጊዜው ቦታው ላይ የማድረስ ሥራ። ያንን ሥራ ዛሬ ሆስፒታል በር ላይ የሚቀበለው ሰው ግን እንዴት እንደሚሠራ ያልተነገረው ሰው ነው።

ናፍጣው አንዱ ብቻ ነው። መድኃኒቱም አለ። የፋርማሲው ሪፖርትና መጠየቂያ በየሁለት ወሩ ይሞላል፤ ከዘገየ ወይም ፍጆታው በግምት ከተሞላ የሚመጣው መድኃኒት ወይ አይበቃም ወይ ጊዜው ያልፍበታል። ልጁ ይህ የፋርማሲስቱ ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ኦክሲቶሲኑ የጠፋ ቀን ግን ወላዶቹ የሚጮሁት በእሱ ላይ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ጓንት እያለ ተረኛዋ ነርስ ያለ ጓንት ልትሠራ ትችላለች፤ ምክንያቱም ሞዴል 20 ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ በሞዴል 22 ወጪ ካልሆነ ጓንቱ ከመደርደሪያው አይወርድም፤ ፈራሚው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቅዳሜና እሑድ ከመግባቱ በፊት ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያስፈርማል። የማያውቅ ሰው እሑድ ይጮሃል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ዳይሬክተሮች መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ገንዘቡስ? ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት ከተፈቀደ ዓመታት ሆኑ። ጥሩ ነበር። ነገር ግን ገቢው በቦርድ ታይቶ፣ በምክር ቤት ጸድቆ፣ በጀት ሆኖ ካልመጣ ከባንክ አይወጣም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ታካሚዎችን ሆስፒታሉ ዛሬ ያክማል፤ ክፍያው ሲመጣ ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ሐምሌ ላይ አዲሱ እስኪለቀቅ ሆስፒታሉ ትንፋሹን ይይዛል። የሰኔን ጉዳይ በሚያዝያ የማያስብ ዳይሬክተር በሐምሌ አልኮልና ፋሻ እየለመነ ይዞራል። ይህን የሚያስተምር የፍሊፕ ቻርት ዛፍ እስካሁን አልተሣለም።

«ለዚህ ሥራ አስኪያጅ አለው» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ሥራ አስኪያጁንና ሜዲካል ዳይሬክተሩን ለይቶ ማስቀመጡ ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን በወረዳ ሆስፒታል ውስጥ የሁለቱ ሰዎች ግንኙነት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሰው ነው፤ ደንቡን ያውቃል፣ ሰዎቹን ያውቃል፣ ወረዳው ውስጥ ይሰማል። ሐኪሙ እንግዳ ነው፤ ሕክምናውን ያውቃል፣ ደንቡን አያውቅም፣ ቋንቋውንም ገና እየለመደ ነው። ስለዚህ ወይ ይጣላሉ፣ ወይ ሐኪሙ «እኔ ሥራዬ ታካሚ ማየት ነው» ብሎ ክፍሉን ይዘጋል። ሁለቱም መንገድ ሆስፒታሉን ይጎዳል። ማኅተሙ ግን ሐኪሙ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኦዲት ሲመጣ ደግሞ «ፊርማው የማነው?» ነው የሚባለው። ስልጣን የሌለው ፊርማ፣ ሥልጠና የሌለው ተጠያቂነት።

ይህ ሁሉ የዕውቀት እጥረት ቢሆን ኖሮ ይቅር ይባል ነበር። አይደለም። ይህች ሀገር የሕክምና ቦታን የሚመራ ሰው መሠልጠን እንዳለበት የአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከመከፈቱ በፊት ታውቅ ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አብሮ ያሠለጠነው ሄደው ጤና ጣቢያ እንዲያቋቁሙና እንዲመሩ ነበር። በቡድን ተማሩ፣ በቡድን ወደ ገጠር ወጡ። ጤና መኮንኑ መሪ መሆኑን ያወቀው በተመረቀ በሰባተኛው ወር በደብዳቤ አልነበረም። ሐኪሙን ግን «አንተ ታካሚ ታያለህ» ብለው አስተማሩት፤ ከዚያ ሆስፒታል ሰጡት።

ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሕንድ ሕክምና ተምሮ፣ በበርማ በእንግሊዝ አገልግሎት ውስጥ ዓመታት ሠርቶ የመጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የጨርጨር ገዥ ሆኖ ያንን አውራጃ ለሌላው አርአያ እንዲሆን አድርጎ አስተዳደረ። ሐኪም ማስተዳደር አይችልም የሚለው ወሬ ያን ጊዜም ውሸት ነበር። ልዩነቱ ወርቅነህ ጨርጨር የደረሰው ዕድሜና ልምድ ጠግቦ መሆኑ ነው።

ጅማስ? ጅማ ከቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ቢል ነው። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲመሠረት ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት የሚለውን ይዞ ነው የተነሣው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፣ የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የላቦራቶሪው፣ የፋርማሲው፣ በአንድ ቡድን ተሰብስበው ጤና ጣቢያ ላይ ለሳምንታት የሚሠሩበት ፕሮግራም አለ። ከዚህ የተሻለ የአመራር ትምህርት ቤት የት ይገኛል? ነገር ግን ተማሪው ይህን ጊዜ የሚያስታውሰው ለሪፖርቱ ባደረገው መጠይቅና በምግቡ መዋጮ ነው። ማንም ተማሪውን ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጎን አስቀምጦ «በዚህ ወር ገንዘቡ የት ሄደ?» ብሎ እንዲጠይቅ አያደርገውም። ቅርጹ አለ፤ የጎደለው ጥያቄው ነው።

እዚያው ጅማ እ.ኤ.አ. በ2008 ከዬል ዩኒቨርሲቲና ከክሊንተን ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ተከፈተ። የዚያ ፕሮግራም ጥሩ ነገር ተማሪዎቹ ሥራ ላይ ያሉ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች መሆናቸው ነበር። ለተወሰኑ ሳምንታት ክፍል ይገባሉ፣ ተመልሰው በራሳቸው ሆስፒታል ላይ ይሠሩታል፣ ያልሠራውን ይዘው ይመለሳሉ። የቤት ሥራቸው የራሳቸው ሆስፒታል የካርድ ክፍል ሰልፍ ነበር። ወጣቱ ሜዲካል ዳይሬክተር እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር።

እሱ ያገኘው ግን ሌላ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ሆስፒታል ውስጥ የገባውን የለውጥ ስም ቁጠሩት። ቢፒአር መጣ። ቢኤስሲ መጣ። 1 ለ 5 መጣ። ካይዘን መጣ፤ መደርደሪያው ላይ ቢጫ ቴፕ ተለጠፈ። ከዚያ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለው መጣ፤ የጤና ዘርፉ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ ሆነ። ለሠላሳ ስድስት ሰዓት ተረኛ ሆኖ ያደረን ሰው አዳራሽ ሰብስቦ «ርኅራኄ» ማስተማር ምን ዓይነት ድፍረት ይጠይቃል? ርኅራኄው ካልጎደለ ጓንቱ የጎደለበት ቦታ አለ። ጓንቱን ማቅረብ ካቃተ ሰውየውን ማሠልጠን ይቀላል። የሥልጠናው ኢንዱስትሪ ምስጢር እዚህ ላይ ነው፦ ችግሩ የሥርዓት በሆነ ቁጥር መፍትሔው የግለሰቡን አመለካከት መቀየር ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማን ነበር? ባብዛኛው ለጋሾች። የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 «አመራር፣ ማኔጅመንትና አስተዳደር» የሚል ፕሮጀክት ራሱን ችሎ በኢትዮጵያ ውስጥ ነበረው። በፍትሐዊነት ለመናገር ያ ፕሮጀክት ከአዳራሽ ወሬ ይሻል ነበር፤ ሠልጣኞች የሥራ ቦታቸውን አንድ ችግር ይዘው መጥተው ለወራት እንዲከታተሉት ያደርግ ነበር። ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ሞጁሉ መደርደሪያ ላይ ቀረ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ገንዘቡ ራሱ ቆመ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። አበሉ ሲቆም ሥልጠናውም ቆመ። ሀገሪቱ የራሷን ሆስፒታል መሪዎች ለማሠልጠን በለጋሾች ላይ ምን ያህል እንደተደገፈች የታየው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ሐኪሞቹ ራሳቸው። እነሱም ንጹሕ አይደሉም። ኢንተርን ሆነው ፖለቲካና አስተዳደር የሰነፍ ሐኪም ሥራ ነው ሲባል አብረው ይስቃሉ። ዳይሬክተርነት ሲሰጣቸው ስፔሻሊቲ እስኪደርስ ድረስ የሚቀመጡበት በረንዳ ያደርጉታል። ሲሄዱ ለተተኪው የሚተዉት ቁልፍ ብቻ ነው። የትኛው ማደያ በዱቤ እንደሚቀዳ፣ የትኛው የቦርድ አባል ነገር እንደሚገባው፣ ጄኔሬተሩን የሚጠግነው ሰው ቦንጋ ውስጥ የት እንደሚገኝ፣ ይህ ሁሉ ከእነሱ ጋር ጅማ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። ቀጣዩ ልጅ ከዜሮ ይጀምራል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ዳይሬክተር ያየ ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ከዜሮ ጀምሯል ማለት ነው። «ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ» የሚለው የምረቃ ቀን ንግግር ለዚያ ሕዝብ ሁለት ገጽ የርክክብ ማስታወሻ መጻፍን ካላካተተ ምን ይፈይዳል?

እዚህ ላይ «ይሄዳሉ፣ ለምን እናሠለጥናቸዋለን?» የሚለው ክርክር ይነሣል። ቢሮ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ ነው። ግልብጥ ያለ ክርክር ነው። የሚሄዱ መሆኑ ከታወቀ ሥልጠናው ሰውየው ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቦታው ላይ መቀመጥ አለበት። ደግሞስ የሄደው የት ይሄዳል? ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊ፣ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዳይሬክተር፣ ምናልባትም ሚኒስትር ይሆናል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ጤና ሚኒስቴርን የመሩት ሁለቱም ሴቶች፣ ሊያ ታደሰና መቅደስ ዳባ፣ የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች ናቸው፤ ደም የሚፈሳት እናት አጠገብ አንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት ሚኒስቴር ደርሶ ለምን ወደ ዴቻ የናፍጣ ኩፖን እንደማይወርድ መጠየቅ ስድብ አይደለም።

ሌላም ያልተመቸ ነገር አለ። የአመራር ሥልጠና ሞጁል ሁሉ «ችግርን በግልጽ መናገር» የሚል ምዕራፍ አለው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸውን በግልጽ ተናገሩ፤ የሰጡት ቀነ ገደብ አልፎ ግንቦት 11 ሥራ ማቆም ጀመሩ። በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ። በሥራ ማቆሙ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ታካሚ ጥሎ መውጣት ለማንም ሐኪም ቀላል ውሳኔ አይደለም፣ ቀላል መሆንም የለበትም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሐኪም ከዚያ ወር የተማረው የአመራር ትምህርት ከየትኛውም ሆቴል አዳራሽ ይልቅ ጥልቅ ነው። የተማረውም «ዝም በል» የሚለውን ነው። ዝም ያለ ዳይሬክተር ደግሞ ስለ አምቡላንሱም ዝም ይላል።

ደብዳቤው የደረሳት ሴት ሐኪም ከሆነች ነገሩ ይብሳል። ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ያደርጓታል፤ ዳይሬክተሩን የሚፈልግ እንግዳ ሲመጣ «ዶክተሩ የት ናቸው?» ብሎ እሷኑ ይጠይቃታል። በአምስት ቀን ሥልጠና ውስጥ ለዚህ የተሰጠው ብዙውን ጊዜ «ሥርዓተ ፆታ» የሚል አንድ ከሰዓት ነው፤ እሱም የመጨረሻው ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ አበል ሊፈርም ሲቸኩል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነገሩ ውድ አይደለም። ለንደን ውስጥ በኢምፔሪያል ኮሌጅ ሥር ባሉ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቀላል ነገር ሠርተው ነበር፦ አንድን ወጣት ሐኪም ከአንድ የሆስፒታል አስተዳደር ሠራተኛ ጋር ጥንድ አደረጓቸው። ሐኪሙ የአስተዳደሩን ሰው ስብሰባና በጀት ላይ ይከተለዋል፣ የአስተዳደሩ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ዋርድ ላይ ይከተለዋል። ወራት አብረው ይሠራሉ፣ አንድ ችግር አብረው ይፈታሉ። ይህን ለማድረግ ለንደን መሆን አያስፈልግም። ካፋ ውስጥ ባለ ማንኛውም ሆስፒታል ሐኪሙ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ከፋይናንስ ኃላፊው ጠረጴዛ አጠገብ ቢቀመጥ፣ የፋይናንስ ኃላፊውም በወር አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ቢያድር፣ የጓንቱ ፊርማ በራሱ ጊዜ ዓርብ ላይ ያልቃል። ናፍጣ የሌለውን አምቡላንስ በዓይኑ ያየ ፋይናንስ ለማደያው ዕዳ ቅድሚያ ይሰጣል።

ሁለተኛው ሥልጣን ነው። ለአስቸኳይ ሪፈር ብቻ የሚውል፣ በመጠን የተገደበ፣ ተረኛው ሐኪም በራሱ ፊርማ የሚያወጣውና በሦስት ቀን ውስጥ በደረሰኝ የሚያወራርደው ገንዘብ ይኑር። ይሰረቃል የሚል ካለ፣ የአንድ በርሜል ናፍጣ ዋጋ ነው፤ ይቆጣጠሩት። ሥልጣን የሌለውን ሰው አመራር ማስተማር ዋና በእንጨት ላይ ማስተማር ነው።

የካፋ ሰው ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም። የካፋ ንጉሥ እንኳ ብቻውን አልገዛም፤ ሚክረቾ የሚባል የሰባት አማካሪዎች ጉባኤ ነበረው፣ ያለ እነሱ ትልቅ ነገር አይወሰንም ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪማረክ ድረስ ይህ ሥርዓት ነበር። ዛሬ በዚያው ምድር አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ሐኪም ያለ አንድ አማካሪ ሆስፒታል ይመራል። በዞኑ ያሉት ሆስፒታሎች ሜዲካል ዳይሬክተሮች በወር አንድ ቅዳሜ ቦንጋ ላይ ቢገናኙ ምን ያስወጣል? ትራንስፖርትና ቡና፤ ቡናው እንኳን በካፋ ነው። አበል የለ፣ ባነር የለ፣ የመክፈቻ ንግግር የለ። አንዱ ሪፈር ላይ የሞተበትን ታካሚ ታሪክ ያመጣል፣ ሌላው እንዴት እንደፈታው ይናገራል። ሐኪሞች ይህን ማድረግ ያውቃሉ፤ የሞተን ታካሚ ጉዳይ በጠዋት ስብሰባ ላይ ሳይደባበቁ መነጋገር ከመጀመሪያው የዋርድ ቀን ጀምሮ የለመዱት ነው። በሽታው ላይ የሚያደርጉትን ናፍጣው ላይ ያድርጉት።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ የቦንጋ ሰው ጉዳዩን ለማስፈጸም ሐዋሳ ድረስ ይሄድ ነበር፤ የክልል ጥያቄው አንዱ ምክንያት ይኸው ርቀት ነበር። ዛሬ ቦንጋ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። «ሐዋሳ ሩቅ ነው» የሚል ሰበብ የለም። የሚወስኑት ሰዎች ሐዋሳን ያህል ሩቅ አይደሉም።

ስለዚህ ይህ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጠበቅ የለበትም። የዞኑ ጤና መምሪያ በዚህ ሳምንት ለየሆስፒታሉ ደውሎ በሚቀጥለው የስፔሻሊቲ ምደባ ሊሄዱ የሚችሉ ሜዲካል ዳይሬክተሮች እነማን እንደሆኑ ይጠይቅ። ስማቸው ይታወቃል፤ ፈተናውን የተፈተኑት ተፈትነዋል። ለእያንዳንዳቸው ተተኪ አሁኑኑ ይሰየም፣ ቢያንስ ለሁለት ወር አብሯቸው ይሥራ፣ ከመሄዳቸው በፊትም በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉለት፦ የአስተዳዳሪው ስልክ፣ የማደያው ዕዳ፣ የዲውቲው ውዝፍ ከየት ወር ጀምሮ እንደሆነ፣ የቦርዱ ቀጣይ ስብሰባ መቼ እንደሆነ፣ እና ከቁልፎቹ የትኛው የትኛውን በር እንደሚከፍት።